የእጅ ያዥ ተራ

ማክሰኞና ዓርብ ልብ የሚስተካከልባቸው ቀኖች ናቸው። በእነዚህ ቀኖች የብሎክ አሥራ ሰባት ሰዎች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ከ«እንደምን አደራችሁ» ቀጥለው የሚጠያየቁት ስለ ውሃ ወይም ስለ ሙቀት አይደለም፤ «ዛሬ ተራው የማን ነው?» ይባባላሉ። ተራው የደረሰው ሰው ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ገልበጥ አድርጎ ቀለሙን ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የሶልያናን በር ያንኳኳል።

የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስለውን ይህን ቁልፍ ደረቱ ላይ የማያደርግ ሰው የለም። ሕፃን ተወልዶ ከመታጠቡ በፊት ይለጠፍለታል፤ ስም እንኳ የሚወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፉ ነጭ ሆኖ ይጀምራል። ባለቤቱ ጥርሱን በተነሣ፣ አጥንቱን በታየ፣ ልቡን ባስተካከለ ቁጥር የነካውን ጨረር እየመዘገበ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫም ወደ ቡኒ ይሄዳል። ቁልፉ ቡኒ የሆነ ሰው «ሞላ» ይባላል። የሞላ ሰው ባለበት ክፍል ማሽኑ አይበራም። ሕጉ ይኸው ነው። አዳማ ላይ ልጃቸውን የሚድሩ ወላጆች ለምሳ ሲቀርቡ የሙሽራውን ቁልፍ ቀለም በስርቆት ያያሉ፤ አፍጥጦ ማየት ግን ነውር ነው።

እጅ ያዥ የሚባለው ነገር በሕግ የመጣ አይደለም፤ ሰው ያመጣው ነው። ምቱ የተዛባን ልብ የሚያስተካክለው ሽቦ በብሽሽት ገብቶ ልብ ውስጥ ሲዞር ታማሚው ነቅቶ መቆየት አለበት። ካስተኙት የተዛባው ምት አብሮት ይተኛና የሚፈለገው ቦታ ይጠፋል። ነቅቶ ደግሞ መነቃነቅ የለበትም። ከተነቃነቀ የልቡ ካርታ ይበላሻል፣ ካርታው ከተበላሸ የጨረር መብራቱ እንደገና ይበራል፣ መብራቱ በበራ ቁጥር ጨረሩ ይጨምራል። ሐኪሙ ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ማሽን ብቻ ነው። እንግዲህ የኛ ሰው፣ ያ ሲታመም መላ ዘመዱ አልጋው ዙሪያ ካልተኮለኮለ የሚከፋው ሰው፣ ከማሽን ጋር ብቻውን ተዘግቶበት እንዴት ሳይነቃነቅ ይቆያል? መጀመሪያ ሰሞን አስታማሚዎች በር ገንጥለው ገብተው ያውቃሉ። ኋላ ጤና ጣቢያው ተሸነፈና «አንድ ሰው ብቻ፣ ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ካባ ለብሶ፣ ቁልፉን አድርጎ ይግባ» አለ። ሁልጊዜ የቤተሰብ ሰው ከገባ ቤተሰብ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ነገሩ ወደ እድር መጣ። ድሮ ቀባሪ ያዋጣ የነበረው እድር አሁን እጅ ያዥ ያዋጣል፤ ተራው የደረሰው አባል ይገባል፣ ጨረሩ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል።

በወረቀት ላይ እንደዚያ ነው።

ሶልያና ስድሳን ተሻግራለች። ስሟ የአያቶች ስም ነው፤ የዛሬ ልጆች እነ አሰገደች፣ እነ ደምሰው እየተባሉ በሚጠሩበት ጊዜ ሶልያና የሚል ስም የሰማ ሰው ወዲያው ባልቴት ይታየዋል። እሷ ባልቴት መባልን አትወድም። ዕድሜዋን ሙሉ ሙአለ ሕፃናት አስተምራለች፤ እጇ ሰፊና ሞቃት ነው፣ ድምፅዋም ሳይጮህ ይሰማል። «እኔ እጁን የያዝኩት ሰው ተነቃንቆ አያውቅም» ትላለች። ጉራ ይመስላል፤ እውነት ግን ነው። አንዱን ስለ ድሮ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ትጠይቀዋለች፣ ሌላዋን ከምራቷ ጋር እስክትታረቅ ትሞግታታለች፣ ሰውየው ሽቦ ልቡ ውስጥ መኖሩን ይረሳል። የእርሳስ መነጽሩን ደግሞ ገና ስትገባ ታወልቀዋለች። «ዓይኑ የማይታይ ሰው አያጽናናም» የምትለው ነገር አላት። የምትቀመጠው መብራቱ በግራዋ በኩል ሆኖ ነው።

ይህን ያወቀ የብሎኩ ሰው ምን አደረገ? ቁልፉን ያውሳት ጀመር። ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ቁልፍ ከደረቱ ነቅሎ እሷ ደረት ላይ ይለጥፋል፤ የሷን ኪሱ ውስጥ ያቆይላታል። ጨረሩ በባለተራው ስም ይመዘገባል፣ እሷ አትሞላም፣ ተራው በአግባቡ ይዞራል፣ ታማሚውም ይረጋጋል። ማንም አልተበደለም። በእድሩ ስብሰባ ላይ ይህን ሐሳብ ያመጣው የእድሩ ዳኛ ያብስራ ሲሆን ያን ቀን ተጨብጭቦለታል። ያብስራ ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ድምፅና በጣም ትንሽ፣ ፈሪ ልብ ያለው ሰው ነው። ቁልፉን ያዋሰው ከማንም በላይ ነው፤ ከራሱ ተራ ሌላ እናቶችም ተራቸውን ለሱ ያስተላልፉ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንቢ ማለት አይችልም፣ ቁልፉን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል። ሶልያና ስቃ ትቀበለዋለች። ጨረር የሚያርፈው ቁልፉን ባዋሰው ላይ ሳይሆን በገባው ሰው ሥጋ ላይ መሆኑን ያላወቀ አልነበረም። የተናገረም አልነበረም። ሰው ለበጎ ነገር ሲተባበር እንዲህ ያለውን ዝርዝር ማንሣት ይከብደዋል።

በዚህ ሁኔታ የሶልያና የራሷ ቁልፍ ነጭ እንደሆነ ቆየ። በዚህም ትኮራ ነበር።

ያቆየችው ለናሆም ነው። ናሆም ባሏ ነው፤ የውሃ መሥመር ሠራተኛ ነበር፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ወገቡን ታስሮ የሚወርድ ሰው ነበር። መርፌ ግን ይፈራል። ነጭ ክፍል ይፈራል። ልቡ መዝለል ከጀመረ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ብሶበት ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ወደቀ። «አንቺ እጄን ካልያዝሽ ይቅርብኝ» አላት፤ እሷም ደረቷን ነፍታ «ከኔ ሌላ ማን ሊይዝህ ኖሯል? ለዚህች ቀን ነው ነጭ ያቆየሁት፤ ላንተ በራሴ ቁልፍ ነው የምገባው» አለችው። ናሆም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው።

የቀጠሮው ዓርብ ጠዋት ሦስቱ አብረው ሄዱ። ተራው እንደ አጋጣሚ የያብስራ ነበር፤ ቁልፉን ማዋስ እንደማያስፈልገው ስለነገረችው ግን ለወጉ ብቻ ነው የመጣው፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጁ ሠርግ በታላቅ ድምፅ ሲያወራ ነበር። ጣቢያው ደረሱ። ሲስተሯ ናሆምን ተቀብላ አስገባችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው፣ ማሽኑ ሽቦውን በብሽሽቱ አስገብቶ ጠበቀ፤ ሲስተሯም ወጣች። ቀሪው የእጅ ያዥ ሥራ ነው።

ሶልያና ካባውን ለብሳ በሩ ፊት ቆመች። በሩ አልተከፈተም።

ካለፈው ወር ጀምሮ በሩ ላይ አንድ መስታወት ተገጥሟል። ቁልፍን ብቻ ሳይሆን የሚገባውን ሰው ዓይን ያያል። ሶልያና ከተገጠመ ወዲህ አልገባችም፤ ለናሆም ቀን ልረፍ ብላ ነበር።

«እትዬ ሶልያና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ከግድግዳው የመጣ ድምፅ። ዶክተር አሰገደች ናት፤ ጅማ ተቀምጣ የምትሠራ፣ ሶልያና በድምፅ ብቻ የምታውቃት ወጣት ሐኪም። «በሩ አይከፈትልዎትም።»

«ቁልፌን እዪው እንጂ የኔ ልጅ፤ ወተት ነው እኮ!»

«አየሁት። የተወለደ ሕፃን ቁልፍ ነው የሚመስለው። ዓይንዎ ግን እንደ ቁልፍዎ አይደለም። የግራው ደፍርሷል።»

«የአዳማ አቧራ ነው፤ ሁሌ እንደዚያ ያደርገኛል።»

«አቧራ አይደለም እትዬ። የዕድሜም አይመስልም፤ ከኋላ በኩል ነው የጀመረው። የጨረር ነው።» ቀጥላም «የማንን ቁልፍ እያደረጉ ነው ሲገቡ የኖሩት?» አለች።

ሶልያና ወደ ኋላዋ አልዞረችም፤ ያብስራ ግን ያ ትልቅ ድምፁ ከየት እንደሄደ እንጃ፣ በሹክሹክታ «የኔን» አለ። «የኔንም፣ የሌላውንም። የብሎኩን ሰው ሁሉ። ክፋት አልነበረበትም ዶክተር፤ እሷ ስለምትችልበት ነው።»

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ስለሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ሌላውንም ሰውነትዎን ማየት ይኖርብኛል። አሁን ጋሽ ናሆም ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ሽቦው ገብቷል። ካወጣሁት ከክረምት በኋላ ነው ሌላ ቀን የማገኘው፣ ልባቸው ደግሞ ክረምቱን አይጠብቅም። የሚገባ ሰው አለ?»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ያብስራ ብቻ ነበር። ሶልያና ዞር ብላ አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስቲ ቁልፍዎን ወደ መስታወቱ» አለች ዶክተሯ። ቁልፉ በቢጫና በቡኒ መካከል ነበር። «ጥቂት ቀርቶታል። መብራቱ ሁለት ጊዜ ቢበራ ይችላል። በሦስተኛው ይሞላል፤ ያኔ ሽቦው ልብ ውስጥ እንዳለ ማሽኑ ይቆማል።»

«እንዴት ይሞላል? የኔ ሰውነት ንጹሕ ነው እኮ! ስትገባ የኖረችው እሷ ናት!»

«አውቃለሁ ጋሽ ያብስራ። ማሽኑ የሚያውቀው ግን ቁልፉን ነው።»

ሶልያና ካባውን አውልቃ ለያብስራ አለበሰችው። ከኋላ ገመዱን አጥብቃ አሰረችለት። ልታጽናናው ፈለገች፤ በምትኩ ተቆጣችው። «ስማ፤ እዚያ ገብተህ እንዳትወድቅብኝ። መነጽሩን አድርግ። እንዳታወልቀው፣ ሰማኸኝ? እጁን በሁለት እጅህ ያዘው። ዝም እንዳትል፣ የመጣልህን አውራ።»

«ምን ላውራ?»

«ሌላ ጊዜ ማን ያስቆምሃል!»

በሩ ለሱ ተከፈተ። ሶልያና ከክፍሉ የመስተዋት ግድግዳ ወዲህ ቀረች። እዚያ ቦታ ላይ ቆማ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከወዲያ ሆና ነው ዘመዶች ሲጨነቁ የምታየው፤ አንዳንዴም ነገሩን የሚያጋንኑት ይመስላት ነበር። አሁን ናሆም አገጩን ወደ በሩ ሲያዞር አየችው። የጠበቀው እሷን ነው። የያብስራ ግዙፍ አካል ሲገባ የናሆም ዓይን ከኋላው ሌላ ሰው ይፈልግ ጀመር፤ የሚከተል ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው መብራት በራ፤ እሱ ግዴታ ነው፣ ሽቦው መንገዱን የሚጀምርበት ነው። ግድግዳው ላይ የናሆም ልብ ሲዘል ይታያል። ካርታው ቀስ እያለ መሳል ጀመረ። በዚህ መሐል ናሆም ትከሻውን አነሣ። የሚለው አይሰማም፤ ከንፈሩን ግን ታነበዋለች፣ አርባ ዓመት አንብባዋለች። «ሶልዬ የት አለች?» ነው የሚለው። ካርታው ተንጋደደ። ሁለተኛው መብራት በራ።

ያብስራ ደረት ላይ ያለው ቁልፍ ጠቆረ። ገና ቡኒ አልሆነም፤ ለመሆን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቀርቶታል።

ሶልያና አንድ ነገር ታውቃለች፤ በሩ ከውስጥ በእጅ ይከፈታል፣ መስታወቱም የሚያየው ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነው። ያብስራን በምልክት ብትጠራው ደስ ብሎት ይከፍትላታል። ይወጣል፣ ትገባለች፣ ነጩን ቁልፏን አድርጋ ትቀመጣለች፣ ማሽኑ ነጭ ቁልፍ አይቶ አይቆምም። ዓይኗ እንደሆነ አንዴ ደፍርሷል። አንድ ቀን ቢጨመር ምን ይጨምራል? እንዲህ እያለች ነው ሰውን ሁሉ የያዘችው፤ አንድ ቀን ምን ይጨምራል እያለች። የመስተዋቱን ግድግዳ ልታንኳኳ እጇን አነሣች።

ያኔ የያብስራን ትከሻ አየች። እያለቀሰ ነው። ያ ግድንግድ ሰውዬ የናሆምን እጅ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ መነጽሩ በእንባ ተሞልቶ፣ ያለቅሳል። ናሆም መጀመሪያ በግርምት አየው። ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከንፈሩ ብቻ። አንገቱን አላነሣም፣ ትከሻውን አላነሣም። አውራ ጣቱን በያብስራ እጅ ጀርባ ላይ ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል፣ የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ያብስራ ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ ይጠይቀዋል፤ ያብስራ አፉን ይከፍታል። ብዙ ሳይቆይ ያብስራ አንድ እጁን ለቆ እየጠቆመ መከራከር ጀመረ። ናሆም ልቡ ውስጥ ሽቦ እየዞረ እንደ ድንጋይ ረግቶ ተኝቷል። ግድግዳው ላይ ካርታው ይሳላል።

ሶልያና እጇን አወረደች። ደስ አላት። ከደስታዋ ሥር ግን ቅናት ነበር፣ ዓይን ያወጣ ቅናት። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የሚረጋጋው በሷ እጅ ሙቀት፣ በሷ ድምፅ፣ በሷ ዓይን ይመስላት ነበር። ሁሉም ነግረዋታል፤ እሷም አምናለች። ይኸው አሁን መስተዋት ተደግፋ ቆማ፣ ባሏ ከሷ ጋር ሆኖ ተረጋግቶ የማያውቀውን ያህል ሲረጋጋ ታያለች፤ እጁን የያዘው ደግሞ ብሎኩ ውስጥ ካሉት ፈሪዎች ሁሉ የመጨረሻው ፈሪ ነው። መሳቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱንም አደረገች።

«አገኘሁት» አለች ዶክተር አሰገደች። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። ግድግዳው ላይ ሲዘል የነበረው መሥመር ድንገት ሰውኛ መራመድ ጀመረ፤ እኩል፣ እኩል፣ እኩል። ሦስተኛው መብራት አልበራም።

ናሆምን እግሩን እንዳያጥፍ አስጠንቅቀው በግድግዳው ጥግ ወዳለው አልጋ አመጡት። ያብስራ ካባውን እንኳ ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ እንዴት እንደገባ ይተርካል፤ ድምፁ ተመልሶለታል።

«እጁ ውሃ ሆኖ!» አለ ናሆም፤ ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነው፣ ላለመነቃነቅ። «‹ናሆም፣ ምን ይሻለኛል› ይለኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለሁት እኔ! እንዳይወድቅብኝ ብዬ የልጁን ሠርግ አነሣሁበት። ስንት በሬ ይታረድ በሚለው ስንጨቃጨቅ ‹አለቀ› አሉን።»

«መፍራትህስ?» አለችው ሶልያና።

«ጊዜ አላገኘሁም።»

ሶልያና የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ በቀኝ ዓይኗ እንድታየው ዞር ብላ። ናሆም አያት። መሣቁን ተወ።

«ለምን እንዳልገባሽ ያብስራ ነገረኝ» አለ። «ስለ ዓይንሽ እኮ አልነገርሽኝም።»

«አቧራ መስሎኝ።»

«ሶልዬ።»

«ትፈራለህ ብዬ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «ዓይኔን ሊከፍቱት ነው አሉ፣ ነቅቼ። ጨረር የለበትም። ከሱ በኋላ ደግሞ ሰውነቴን ሁሉ እናያለን ብላለች ዶክተሯ፤ ምን እንደሚያገኙ አላውቅም። የስንቱን ሰው ተራ እንደወሰድኩ ራሴም አላውቀውም።» እዚህ ላይ ልታቆም ነበር። ሁልጊዜ የምታቆመው እዚህ ነው። «ፈራሁ ናሆም። በጣም ነው የፈራሁት።»

ናሆም ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶት አያውቅም። እጁን ዘርግቶ የታጠፉትን እጆቿን አላቀቃቸውና አንዱን ያዘ። ቀዝቃዛ ነበር። ልትመልሰው ሳብ አደረገችው፤ አልለቀቃትም።

«ያን ቀን ማን ይገባልሻል?» አለ።

ሶልያና የመላ ብሎኩን እጅ ስትይዝ ኖራ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ያን መርፌ የሚፈራውን፣ ነጭ ክፍል የሚፈራውን ሰውዬ።

«አንተ ትችላለህ?»

«ዛሬ ተለማመድኩ እኮ» አለ ናሆም።